የተሰበረው ሱስታ እና ሼህ ይማም

የነገሩን ቅደም ተከተል ላዛባ እችላለሁ። ሽማግሌ የላክሁ ዕለት አባቶቹን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፣ ላገባት ወዳሰብኋት ልጅ ቤት የማደርሳቸው እኔው ነበርሁ። ከከተማ እንደወጣን የአሮጌዋ መኪናዬ መሪ ወደ ቀኝ ይስብ ጀመር። አቆምሁና ጎማዎቹን አየሁ፤ ነፋሳቸው እኩል ነው። በክሪክ አንስቼ ወዘወዝኋቸው፤ የላላ ነገር የለም። መኪናዋ ግን ወደ ቀኝ አዘንብላለች። ከፊት በቀኝ በኩል የተቀመጡት ደግሞ የሽማግሌዎቹ አፈ ቀላጤ፣ ግዙፉ ሼህ ይማም ናቸው።

«ሼህዬ፣ ለሙከራ ያህል ከኋላ ቢቀመጡልኝ?»

«ልጅ ልለምንልህ ስሄድ ከኋላ? አባትየው በግ ያመጣችሁላቸው መስሏቸው ቢያስሩኝስ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ደሳለ ከኋላ ሆነው፣ «እኔ ቀጭን ነኝ፤ ከፊት ልሁንለት» አሉ።

«አንተማ ከጠዋት ጀምሮ ወንበሬን ስትመኝ ነው!»

ሼሁ ተቆጥተው ከተመለሱ ትዳሬ እዚያው አስፋልት ላይ መቅረቱ ነው። በመጨረሻ ሁላችንም ወርደን ባዶዋን አየናት፤ አሁንም አዘንብላለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ክብደቷን የሚሸከመው የፊት ቀኝ ሱስታዋ ተሰብሯል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ነፃ ወጣሁ!» ብለው ሼሁ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቀስ እያልን ውጫሌ ገባን።

እነሱ ልጅቱ ቤት ሲገቡ እኔ ውጭ ቀረሁ። አባትየው ስለ ጠባዬ ቢጠይቁ ሼሁ፣ «እኔን አስወርዶ ያጣራ ልጅ፣ ነገሩን ሳያጣራ ሚስቱን አይቆጣም» ብለው መለሱ ተባለ። አላመንሁም ነበር። በኋላ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። አባቷ «ይሁን» ያሉትም ያን ጊዜ ነው።