ከበሩ ሥር የገቡ ሦስት ወረቀቶች

«ስማቸው ማን ነው?» ሲል የአምቡላንሱ ሠራተኛ ጠየቀኝ። እሱ ቅጽ ይዟል፤ ባልደረቦቹ ሴትዮዋን በቃሬዛ አድርገው ደረጃውን ሊወርዱ ነው። እኔ የማውቀው ልጄ ያወጣችላቸውን ቅጽል ስም ብቻ ነበር። በየፎቁ እያረፉ ስለሚወጡ «እትዬ ቀስ በቀስ» ትላቸዋለች። ይህን እንዴት ልንገረው?

«ምን ያህል ጊዜ ጎረቤት ሆናችሁ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት!» አለና የስሙን ቦታ ባዶ ትቶት ወረደ።

የምንኖረው በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በኮሪደሩ አራት በር አለ። የእሳቸውና የእኔ በር ፊት ለፊት ነው፤ ነገር ግን አንድም ቀን አብረው ተከፍተው አያውቁም። ሴትዮዋ ወድቀው ሁለት ቀን ተኝተዋል። የታወቀውም ውኃ ከበራቸው ሥር ስለፈሰሰ ነው። ልደብቀው የማይገባኝ ነገር አለ፤ ውኃውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። «ሰው እንዴት ቧንቧ ከፍቶ ይሄዳል!» እያልኩ በመጥረጊያ ወደ በራቸው መልሼ ገፋሁትና ቤቴ ገባሁ። በሩን አንኳኩታ መልስ ስታጣ ዘበኛውን የጠራችው ከጎኔ ባለው ቤት የምትኖር የሹፌር ሚስት ናት።

የድሮ ሰፈራችን ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እዚያ ግድግዳው ስስ ስለነበር ሰው ቢያስነጥሰው ከሁለት ቤት ማዶ «ይማርህ» ይሉታል። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ዕለት ሰፈሩ ያወቀው ከእኔ በፊት ነው። ስለዚህ ፎቅ ላይ ስወጣ በሬንም አፌንም ዘግቼ ልኖር ማልኩ። ከተማ ማለት ይህ መሰለኝ። ደግሞ የምደብቀው ነገር ነበረኝ፤ ማንበብ አልችልም። ልብስ በምተኩስበት ላውንደሪ ቁጥር ይበቃኛል። ልጄ እንኳ አታውቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ስታመጣ «ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ንባብሽን ልስማ» እላታለሁ።

ታዲያ ከመውደቃቸው በፊት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ሴትዮዋ ሦስት ወረቀት ከበሬ ሥር አስገቡ። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ስለምትዘል ክስ ነው ብዬ አመንኩ። ስድቤን ከልጄ አፍ አልሰማም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ልጄንም ገመድ ከለከልኳት። ሴትዮዋን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው አንገቴን ደፍቼ ማለፍ ጀመርኩ።

አምቡላንሱ እንደሄደ ወረቀቶቹን አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋት። እንደ ወትሮው ንባቧን የምሰማላት መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ጎረቤቴ ሆይ፣ የምኖረው ብቻዬን ነው። ትርፍ ቁልፌን አንቺ ዘንድ ባስቀምጥ ደስ ይለኛል።»

ሁለተኛው «ሰሞኑን ራሴን ያዞረኛል። ቁልፉን ትቀበይኝ እንደሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝ» ይላል።

ሦስተኛውን ስታነብ ድምጿ ቀነሰ። «ቁልፉ ካስቸገረሽ ይቅር። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጪ በሬን አንዴ ብቻ አንኳኪልኝ። ድምፄን ካልሰማሽ ለልጄ ደውይለት፤ ቁጥሩ ይኸው። የልጅሽን ገመድ ዝላይ መስማት ያስደስተኝ ነበር፤ ምነው ተወችው?»

«እማ፣ አላነበብሽውም እንዴ?»

«ማንበብ አልችልም» አልኳት።

አልሳቀችም። «ታዲያ የእኔን ንባብ ጎበዝ ስትዪኝ የነበረው...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ስማቸው ከአልጋው ራስጌ ተጽፏል፤ እሱንም ማንበብ አልቻልኩም። ዘበኛው ስልክ ደውሎለት ኖሮ ልጃቸው ከሩቅ ከተማ መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል።

«እናቴ ሦስት ጊዜ ጽፋ መልስ የሰጣት የለም» አለኝ። «ጎረቤት ነው ወይስ ድንጋይ? ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትመለስም፤ ይዣት እሄዳለሁ። እርስዎ የትኛው በር ነዎት?»

«እዚያው ፎቅ ላይ ነኝ» አልኩት።

ሐኪሙን ሊያነጋግር ሲወጣ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጣሉብኝ።

«ፊት ለፊት ነኝ ማለት አቃተሽ?»

«አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ እኮ አንኳኩቻለሁ። በበሩ ቀዳዳ አይተሽኝ ዝም አልሽ። የነጠላ ጫማሽ ድምፅ ይሰማ ነበር።»

ሰው ሲያፍር መከራከር ይወዳልና እኔም ክርክር ጀመርኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። በር የተሠራው ሊዘጋ ነው። በድሮው ሰፈር በሬን ከፍቼ ምን አተረፍኩ? ሐሜት ብቻ!»

«ስትወልጂ ማን ነበር አጠገብሽ?»

«ጎረቤቶቼ።»

«እነዚያው ሐሜተኞቹ?»

«እነዚያው ራሳቸው» አልኩና ሳላስበው ሳቅኩ።

«በይ እንግዲህ! ትኋኑን ጠልተሽ አልጋውን ጥለሽ መጣሽ ማለት ነው።»

«ግን እትዬ፣ የማላውቀውን ሰው ቁልፍ ተቀብዬ አንድ ዕቃ ቢጠፋ እኔ አይደለሁም የምጠየቀው?»

«ትጠየቂያለሽ። ለዚህ ነው መጀመሪያ መተዋወቅ የሚያስፈልገው። በድሮው ሰፈር ቧንቧ ላይ ወረፋ ስትጠብቂ ሳታስቢው ትተዋወቂያለሽ። እዚህ ውኃው ቤትሽ ድረስ መጣልሽ፤ ሰዉ ግን አብሮት አልመጣም። ሕንፃውን ግንበኛ ይሠራዋል፤ ጉርብትናውን ግን እኛው ካልሠራነው ግንበኛ አይሠራልንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማሽም? ልጄ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ አንቺ ግን በሦስት እርምጃ ትደርሺ ነበር።»

እልኬ ግን አልበረደም። «እርስዎስ ቢሆኑ ለምን በወረቀት? ደረጃ ላይ አቁመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የሚከብደኝን ነገር በጽሑፍ ማቅረብ ለምዶብኛል። ደረጃ ላይማ ፊትሽን መች ሰጠሽኝ? አንዲት መስመር መመለስ ይህን ያህል ከበደሽ?»

«ማንበብ አልችልም፣ እትዬ።»

«ሦስቱንም?» አሉኝ።

«ሦስቱንም።»

«እኔ ደግሞ ንቃኝ ነው ብዬ ለልጄ ነገርኩት።» አንሶላውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ደበቅሽ፣ እኔ ታመምኩበት።»

ከዚህ የሚበልጥ ወቀሳ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ የተናገሩት ግን በለሰለሰ ድምፅ ነበር።

«ላውንደሪሽ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ አዋቂዎችን ያስተምራል። ሄደሽ ተመዝገቢ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!»

«ባትማሪም ሠላሳ ዘጠኝ መሙላትሽ አይቀርም።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «አሁን ልጄ ሲመለስ ይህንኑ ንገሪው። ንቀት እንዳልነበረ፣ በየጠዋቱም እንደምታንኳኪልኝ ካወቀ ይተወኛል። ቤቴን መልቀቅ አልፈልግም።»

«እነግረዋለሁ።»

ልጃቸው ከሐኪሙ ጋር ተመለሰ። በእጁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል። ወረቀቱን ሳይ ጻፉ የሚለኝ መሰለኝ። «ይማርዎት፣ እትዬ» ብቻ ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ወረድኩ። በማግስቱ ስሄድ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል፤ ልጃቸው ይዟቸው ሄዷል።

በሦስተኛው ወረቀት ላይ ወደነበረው ቁጥር ለመደወል ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ልጃቸው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «ያን ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ ትቻት እሄድ ነበር» አለኝ። «አሁን ቤቱ ተከራይቷል።»

ከዚያ ወዲህ የቀረነው የሦስቱ በር ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተን ተነጋገርን። ማንበብ እንደማልችል በሁሉም ፊት ተናገርኩ፤ ማንም አልሳቀብኝም፤ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ልብስ ሰፊ እንዲያውም «እኔም ከስሜ አልፌ አልጽፍም» አለች። ስምና ስልክ ተለዋወጥን። ትርፍ ቁልፎቻችንን የሹፌሩ ሚስት ትይዛለች። ጠዋት ሁሉም ሲወጣ የጎረቤቱን በር አንዴ ያንኳኳል፤ ከውስጥ «አለሁ» ይባላል። ከዚህ በቀር ማንም የማንንም ጓዳ አይጠይቅም፤ የፈራሁት ሐሜትም ካሰብኩት አነሰ። ባለፈው ወር ልብስ ሰፊዋ ቀትር ላይ ምጥ ሲይዛት ከደረጃው ያወረድናት ሦስት ሆነን ነው። ልጄም ኮሪደሩ ላይ ገመድ ትዘላለች።

እኔና ልብስ ሰፊዋ አብረን እንማራለን። አሁን የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን አነባለሁ፤ ልጄም ስታነብ ብትሳሳት አውቄ አርማታለሁ። እናንተም በከተማ አዲስ ቤት የገባችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው ስም ዛሬውኑ ጠይቁ። የማታውቁትንም ነገር አላውቅም በሉ። የአንድ ቀን እፍረት ያልፋል፤ የተደበቀ እፍረት ግን ዕዳው በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

በእሳቸው ቤት አሁን ሁለት ወንድማማቾች ተከራይተውበታል፤ እነሱም ጠዋት «አለን» ይላሉ። የሹፌሩ ቤተሰብ አለ፤ ልብስ ሰፊዋ አለች፤ እኔና ልጄም አለን። መቅረት የፈለጉት እሳቸው ናቸው፤ የሄዱትም እሳቸው ብቻ ናቸው።