ራጁን የማይነካ እጅ

በዚያ በጥቅምት ጠዋት የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሷ ሰሊሃ እንደ ወትሮዋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ደረሰች። ካፖርቷን ሰቀለች። የደብረ ብርሃን ውርጭ ቧንቧውን ይዞት ስለ ነበር ውሃው እስኪወርድ ጥቂት ጠብቃ መቀሶቹን ቀቀለች። ከዚያ የዕለቱን ራጆች ራጅ ከሚታይበት የመብራት ሳጥን አጠገብ በየተራቸው ደረደረች።

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሲያልቅ ወደ ግቢው ወጣች። ከቧንቧው አጠገብ ቄስ ገብረአማኑኤል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከአንኮበር የመጡት ልጃቸውን ወለተሐናን ይዘው ነው። ከሦስት ቀን በፊት ከገበያ ስትመለስ ቁልቁለቱ አንሸራቷት የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ቆዳዋን ቀዶ ወጥቷል። ቁስሉ መመርቀዝ ጀምሯል፤ ከዛሬ ካለፈ እግሯ መቆረጡ ነው። ቀጣዩ ተራ የእርሷ ነበር። እርሷ ግን «አባባ ካልፈቀዱ አልገባም» ብላለች፤ እርሳቸውም አልፈቅድም ብለዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና ፈልጊልኝ፤ ልጄን ይዤ ልግባ።»

«ምን አይተው?»

«በኦፕራሲዮን ክፍሉ በር መስታወት አይቻለሁ። ዶክተራችሁ ዓፅም በመብራት አቁሞ በእጁ ይጠቅሰዋል። ጣቱን ሲያወዛውዝ ዓፅሙ ይለወጣል። በጊዮርጊስ! ይህ ጥንቆላ ካልሆነ ምን ይባላል? ጠዋት እጄን ብዘረጋለት እንኳ የራሱን ወደ ኋላ ሰበሰበ።»

ሰሊሃ ሳቋን ዋጠች። «ዓፅሙን የምለውጠው እኮ እኔ ነኝ። ከሳጥኑ ጎን ቆሜ አላዩኝም?»

«አንቺን ማን ያያል? ዓይኔ ከዓፅሙ ላይ ነበር።»

አይፈረድባቸውም። ሰው በመስታወት ግማሹን ሲያይ ሌላውን ግማሽ በፍርሃቱ ይሞላዋል።

«ዶክተር ገብረ ሕይወት ጣቱን ወደ ጎን ሲያደርግ ሌላውን ራጅ አመጣለሁ» አለች ሰሊሃ። «መዳፉን ሲገለብጥ እገለብጣለሁ። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ሸጉጦ ሲጨብጥ ይበቃል ማለቱ ነው።»

«አፍ የለውም?»

«አፉ ተሸፍኗል። ደግሞ በተከፈተ ቁስል ላይ ወሬ አይበዛም።»

«ራሱ ቢያነሣውስ? እጁ ይረግፋል?»

ሰሊሃ ገባችና የወለተሐናን ራጅ ይዛ ተመለሰች። ወደ ፀሐይ አነሣችው። ከተሰነጠቀው አጥንት ዙሪያ የጣት አሻራ ተደራርቦበታል።

«ይህ የማን ነው?»

«የሰው ጣት ነው» አሉ ቄሱ፣ ጠጋ ብለው።

«የራጅ ክፍሉ ሠራተኛ፣ የእኔ፣ ትናንት ይዘውት ስለ ነበር ደግሞ የእርስዎ። ዶክተሩ ታጥቦ ይህን ቢነካ የሁላችንን እድፍ ይዞ ወለተሐና አጥንት ውስጥ ይገባል።»

ቄሱ አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩ።

«እኔም ለቅዳሴ ከታጠብኩ በኋላ ሌላ ነገር አልነካም» አሉ ቀስ ብለው። «አፍንጫዬን ቢበላኝ እንኳ አላክም።»

«መጽሐፉን ማን ይገልጥልዎታል?»

«ዲያቆኑ።»

«መቼም በቅዳሴ መሀል አይጮሁበትም።»

«በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ከዚያ ሳቁ። «አንቺ! እናንተ የአልዩ አምባ ነጋዴዎች መሸጥ ታውቁበታላችሁ!»

«ምን ሸጥኩልዎ፣ አባ? የራስዎን ዕቃ መለስኩልዎ እንጂ።»

«ታዲያ ጠዋት እጄን ያልጨበጠኝ ታጥቦ ኖሯል?»

«ታጥቦ ነበር።»

«በደልኩት» አሉና ተነሡ። ልጃቸው ወደ ተኛችበት ሄደው «ግቢ ልጄ፣ ፈቅጃለሁ» አሏት።

ወለተሐና ለፋሲካ ያለ ምርኩዝ ቆማ አስቀደሰች። ቁስሉ ከኦፕራሲዮኑ ወዲያ አላመረቀዘም። ቄስ ገብረአማኑኤልም በአንኮበር ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሳይመክሩ አያሰናብቱም ነበር፦ አዋላጅ ሳትታጠብ እትብት አትቁረጥ፤ ቁስል የሚያጥብ አስቀድሞ እጁን ይታጠብ፤ ከታጠበ በኋላም የሚያቀብለው ሌላ ሰው ይኑር። ምክራቸውን የሰሙ አራሶች የወሊድ ትኩሳቱ ቀለለላቸው።

ዶክተር ገብረ ሕይወት በዓመቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከ። ሰሊሃ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ራጆቹን ትደረድራለች። አዲሱ ሐኪም ምልክቶቹን ከእርሷ ተምሮ በደንብ ይሠራባቸዋል። ይበቃል ለማለት ሲጨብጥ ግን አውራ ጣቱ ውጭ ነው። ዶክተር ገብረ ሕይወት አልተመለሰም።