ስለ እንቅልፌ የሰጠሁት ቃል

ገንዳ ውሃ ከተማ አጠገብ የሰሊጥ እርሻ ስጠብቅ አንድ ተማሪ መጣ። «አባቴ፣ የሰው ጭንቀት የሚለካበት ጥያቄ እያዘጋጀን ነው፤ ይመልሱልን» አለኝ። «እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ሲል፣ የታጨደውን ሰሊጥ ዝናብ እንዳይመታው ሰግቼ አላሸልብም ነበርና «አይወስደኝም» አልኩት።

ሰሊጡ ተራግፎ ከገባ በኋላ ተመልሶ መጣ። ዛፍ ሥር ሳንኮራፋ ቀስቅሶ ያንኑ ጠየቀኝ። በሽምግልና ስቀመጥ ቃሉን ያጠፈ ምስክር አላሳልፍም ነበር፤ ይህ ልጅም ሁለት ቃል ሊያገኝብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«አይወስደኝም።»

«አሁን ተኝተው አልነበር እንዴ?»

«ቃሌ ያው ነው።»

ጻፈና ፈገግ አለ። «ሁለቴ ተጠይቀው መልስዎ ካልተለወጠ ጥያቄያችን አስተማማኝ ነው ማለት ነው፣ አባቴ።»

«እግዜር ይመስገን» አልኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ተመልሼ ተኛሁ።