የኢንባል ተክልና እግረ እርጥቧ እንግዳ

እማዋይሽ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ ወንበሩ ለሁለት ይበቃል። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የኔን ተይው። ቤት ስሆን ያመኛል፣ ክሊኒኩ ደጃፍ ስደርስ ይተወኛል። ሐኪሙን ናፍቆ ነው መሰል። ሄርዝል ጎዳናም ዛሬ መኪናው ብሶበታል... ቶርሽ፣ ወረፋሽ ማለቴ፣ ስንት ቁጥር ነው? ከኔ ትቀድሚያለሽ፤ ቢሆንም ገና ብዙ ሰው አለ። እስከዚያ እንጫወት።

አንቺ ቤት ተክል አለ? ያ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ከሞቃት አገር የመጣ ነው የሚሉት፣ ሳሎን ውስጥ የሚያስቀምጡት? ልጄ ኢንባል ቤት አንድ አለ። አምና ስታገባ የሥራ ጓደኞቿ ያመጡላት ነው። ቅጠሉ ከተፈጥሮው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ትል የበላው ይመስላል እንጂ ጤነኛ ነው። ይኼን የማያውቅ ሰው ሲያየው አንጀቱ ይላወሳል። አንጀቷ ቶሎ የሚላወስ ሰው ደግሞ አለች...

ስም አልጠራም። ስም መጥራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አማቼን አቪያድን አምጣ የወለደች ሴት ናት ብልሽ ስም ጠራሽ አትይኝም መቼም? ብቻ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። ሌላው ሰው መልካም ሲሠራ እዩኝ እዩኝ ይላል። እሷ ግን ማንም ሳያያት ነው የምትሠራው። የቤቱ ባለቤቶች እንኳ ሳያውቁ። እንዲህ ያለ ትሕትና አሁን የት ይገኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ተክል ቢጫ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ ከታች ያለው ቅጠል፣ ከዚያ ከሱ በላይ ያለው፣ እየለሰለሰ መውደቅ ያዘ። አፈሩ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ኢንባል "አቪያድ ነው ውሃ የሚያበዛበት" ትላለች። አቪያድ "እኔ አልነካሁትም፣ አንቺው ነሽ" ይላል። እሷም አልነካች፣ እሱም አልነካ። ታዲያ እነሱ ቤት፣ ቂርያት ዔቅሮን ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎን መሀል ዝናብ ይዘንባል?

አንድ ዓርብ ኢንባል ቦርሳዋን ይዛ እኔ ቤት መጣች።

"ኢማ፣ ለቅጠል ብዬ አይደለም" አለችኝ። "ዓይኔን እያየ ይዋሸኛል።"

ሰንበትን እኔ ጋ ዋለች። ሁለት ሰዎች ተዋደው ተጋብተው፣ በአንድ ማሰሮ ጭቃ ሲካሰሱ... ሰንበት ሲወጣ መክሬ መለስኳት፤ ልቤ ግን አላረፈም።

ከዚያ ማዝጋናቸው፣ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው፣ ተበላሸ። ሁለቱም ሥራ ስለሚውሉ፣ ሠራተኛው ሲመጣ እንድከፍትለት እኔ ሄድኩ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ሳለ በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ሌባ መሰለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ለካ እሷ ናት። ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ይዛ።

"ባንቺአምላክ፣ እዚህ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

"እዚህ ነኝ። አንቺስ?"

"ወደ ሄርዝል ጎዳና ሳልፍ ነው።"

ከሰፈራችን ከቂርያት ሞሼ ሄርዝል ጎዳና ለመሄድ ከከተማ ወጥቶ በቂርያት ዔቅሮን መዞር... እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት በከንቱ በአቋራጭ ስሄድ ኖሬያለሁ።

"ቶሎ ቶሎ ታልፊያለሽ?" አልኳት።

"ኧረ አይደለም። ሰኞና ሐሙስ ብቻ፣ እነሱ ሥራ ሲሄዱ። ቁልፉን ለችግር ጊዜ ብለው ሰጥተውኛል። ከዚህ የበለጠ ምን ችግር አለ? ቅጠሉ በጥማት ተቀዳዶ አታይም?"

እግረ እርጥብ ናት እኮ። ለማሞገስ ብዬ አይደለም፤ ጠርሙሱ ያፈስ ስለነበር ከበሩ እስከ ተክሉ ድረስ ኮቴዋ ወለሉ ላይ ታትሟል።

ከዚያ ድምጿን ማር አድርጋ ምን አለችኝ መሰለሽ? "ልጅሽን አልወቅሳትም፤ እጇ ደረቅ ሆኖ ነው። ተክል ማቆየት ያቃታት ነገ ልጅ እንዴት ታሳድጋለች ብዬ ነው የምጨነቀው።" አየሽ አሳቢነቷን? እኔ እናቷ እንኳ እስከዚህ አርቄ አላሰብኩላትም...

"ነይ እስቲ አንድ ጊዜ አግዢኝ" ብዬ ተክሉን ለሁለት ከማሰሮው አወጣነው። ማሰሮው ከውጪ የሚያምር ሸክላ ነው፣ ከታች ግን ቀዳዳ የለውም። ውሃው እዚያ ቆሞ ሸቷል። ሥሩ ጠቁሮ፣ ስትነኪው እንደ ቅቅል ጎመን ይላቀቃል። አፍንጫዋን ያዘች።

"በጥማት ነው እንዴ እንዲህ የሆነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ ታምራለች፤ ብዙ ጊዜ አላየንላትም እንጂ።

ከኢንባል ጋር በስልክ አይተነው ነበርና ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። የበሰበሰውን ሥር በመቀስ ቆርጠን ነጩን ተውነው። ሠራተኛው መጥቶ ማዝጋኑን ሠርቶ ሲሄድ አዲስ ፈካ ያለ አፈር ገዝቼ መጣሁ፣ ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ተከልነው። ቢጫ የሆነ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፣ ይቆረጣል። ብርሃን ቢያጣም፣ ማዝጋን ቢነፍስበትም ቢጫ ይሆናል አሉ፤ ስለዚህ ከማዝጋኑ አራቅነው፣ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ አደረግነው። ከእንግዲህ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ታጠጫለሽ። እርጥብ ከሆነ... እጅሽን ሰብስበሽ ትቀመጫለሽ። ለአንዳንድ ሰው ከባድ ነው ይኼ።

ሳንጨርስ ልጆቹ ገቡ። አቪያድ ጠርሙሱን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አየ፣ የእናቱን ጭቃ እጅ አየ።

"ኢማ፣ አንቺ ነበርሽ?"

"ለናንተው ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ፊቱን ወደ ኢንባል አዞረና እኛው ፊት "ስሊሃ፣ ይቅርታ" አላት። እሷም "እኔም አጥፍቻለሁ" አለችው። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተ። "ኢማ፣ ስትመጪ ደውይልን፤ እኛ እንከፍትልሻለን" አላት፣ በቀስታ። እንባዋ መጣ። እኔም አዘንኩላት። ትንሽ።

አሁን ሰፈር ውስጥ "ባንቺአምላክ ቁልፌን አስቀማችኝ" ትላለች አሉ። አንቺ ከሷ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነሽና ሳትሰሚ አልቀረሽም። ቤሰደር፣ እሺ ትበል። ተክሉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ልጆቹ አጠገቡ እየሳቁ ፎቶ ላኩልኝ። ስለ ሌላው ነገራቸው አልጠይቅም። አንኳኩቼ ነው የምገባው።

ይኼን የነገርኩሽ ላንቺ ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት ብታገኚያትም አትነግሪያትም፣ አውቅሻለሁ...

ያው ቁጥርሽ ተጠራ፤ ያላ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ። ክፉ እንደማልመኝላት ግን እወቂልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ስታረጅም ብቻዋን አይተዋት፤ እሷ ሰው እንደምትወደው አድርጎ፣ ልክ እንደዚያው አድርጎ የሚወዳት ሰው ይስጣት። አሜን በይ እንጂ፣ እማዋይሽ።