መምህር ታምሬ ያላቃጠሉት የአገዳ ክምር

ወገኖቼ፣ የመምህር ታምሬ አያሌውን ዜና ሕይወት ከመጀመሬ በፊት እኔ እኅታቸው ወይንሸት አያሌው በደል አለብኝና እሱን ላስቀድም። በጥር ወር 1950 ዓ.ም. የአቶ ጋሹን የአገዳ ክምር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ከጎረቤት እሳት ጭሬ በገል ይዤ ስመለስ ንፋሱ ፍሙን አበነነብኝ፤ ክምሩ ሥር የወደቀውን ረግጬ ያጠፋሁ መስሎኝ ሄድኩ። ይህን እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ወንድሜም ሳያውቁ ሞቱ።

መምህር ታምሬ ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ከበደና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ሙሉጌታ በ1913 ዓ.ም. በቆቦ አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ደሴ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው ወደ አገራቸው ተመለሱና ሒሳብ ያስተምሩ ጀመር። ከባሌ ተፋትቼ ባዶ እጄን ስመጣ ቤታቸውን የከፈቱልኝ፣ በሃያ አምስት ዓመቴም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰዎች «ፈት ሴት ተምራ ምን ልትሆን ነው?» ሲሏቸው፣ «ሒሳብ እንደሆነ ባል አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ባለሱቁ አቶ በድረዲን ለስኳር መጠቅለያ ከሚገዟቸው አሮጌ ጋዜጦችና መጽሔቶች መካከል በእንግሊዝኛ የተጻፉትን እየለዩ ያስቀምጡላቸው ስለ ነበር፣ ወንድሜ ስለ ሮኬት ጀማሪዎች ያነበቡት ከዚያ ነው። በአንዲት ሩቅ የሩሲያ ከተማ ሲያስተምሩ ወደ ሰማይ የሚያወጣውን መንገድ በሒሳብ ስላሰሉት፣ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማው መምህር፣ ጋዜጣ ስለ ተሳለቀባቸውና ሮኬታቸውን ከዘመዳቸው እርሻ ላይ ስለ ተኮሱት አሜሪካዊ ምሁር ሲነግሩኝ፣ የሥጋ ዘመዶቻቸውን የሚያነሡ ይመስሉ ነበር። ሩሲያኖች ሰው ሠራሽ ጨረቃ ማምጠቃቸው በተሰማ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እሳቸውም በብስክሌት ጎማ መንፊያ ቧንቧ ውስጥ ባሩድ ጠቅጥቀው በደረቀው የሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ ይተኩሱ ጀመር። የገበያው ሰው «ጋሽ ታምሬ! ሲመለሱ ዝናብ ይዘውልን ይምጡ!» ሲላቸው፣ «እናንተ ብቻ እንስራ አዘጋጁ!» ብለው ይመልሱ ነበር።

በዚያው ዓመት የአቶ ጋሹን ልጅ ዘነበችን አጭተው፣ ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት እንዲሆን ቀን ተቆርጦ ነበር። ክምሩ ግን ሮኬታቸው በተተኮሰበት ሰዓት ነደደ። አውጫጭኝ ተጠራና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ቤቱ እንዳይገባ ተከልክሎ የመንደሩ ሰው ሁለት ቀን ግራር ሥር ዋለ። ወንድሜም ተነሥተው፣ ንፋሱ ከመንደሩ ወደ ወንዙ ይነፍስ እንደ ነበር፣ ቧንቧውንም ከወደቀበት አሸዋ ላይ በእጃቸው እንዳነሡት፣ መሬቱን በእንጨት እየጫሩ አስረዱ። ሽማግሌዎቹ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቱ ከመንደር ከመጣ ግን በዚያ ቀን እሳት የጫረ ማን እንደሆነ ሊጠየቅ ነው። የአቶ ጋሹን ወንድሞች ጠመንጃ አየሁና ፈራሁ፤ እሳቸው የመንግሥት መምህር ናቸው፣ ምንም አያደርጓቸውም ብዬ ልቤን አታለልኩት፤ ተነሥቼም «እሳት ከሰማይ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ማልኩ። ወንድሜ መሬቱን የሚጭሩበትን እንጨት አስቀመጡ። ከዚያም «እኅቴ አየሁ ካለች ሒሳቤ ተሳስቷል፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ጋሹ «በእሳት በር ለሚያንኳኳ ልጄን አልሰጥም» ብለው እጮኝነቱን አፈረሱ፤ ዘነበችም ለዋጃ ሰው ተዳረች። ወንድሜ ላማቸውን ካሳ ሰጥተው፣ ዳግመኛ ባሩድ ላይነኩ በታቦት ፊት ማሉ። በዜና ሕይወት ትዳርና ልጆች በሚነበቡበት በዚህ ቦታ የማነበው የለኝም።

መሐላቸውን ሳያፈርሱ ወደ ሰማይ የሚደረስበትን ዘዴ ሲፈልጉ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። የፀሐይ ብርሃን የነካውን ነገር ሁሉ እጅግ በቀስታ እንደሚገፋ አንብበው፣ አየር በሌለበት ሰማይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እንደ እርሻ የሰፋ የብረት ሸራ ተዘርግቶ መርከብ ቢጎትት፣ በመጀመሪያው ቀን ከኤሊ ቢዘገይም በዓመቱ ጥይት እንደማይደርስበት በደብተራቸው አሰሉ። ነዳጅ የለው፣ ጭስ የለው፣ የማንንም ክምር አያቃጥል። የሚያሳዩት ሰው ግን አልነበራቸውም። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ቤታችን መላክ ተዉ፤ በዓመት በዓልም የሚጠራቸው ጠፋ። ለእኔ ብቻ፣ ምሳ ሳቀርብ፣ የሸራውን ሥዕል ያዞሩልኝ ነበር፤ እኔም ፊታቸውን ማየት ስለማልችል ሥዕሉን አያለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሰው ጨረቃን መርገጡ ሲወራ፣ ጉበታቸው ታሞ እግራቸው አብጦ ሳለ በእኔ ተደግፈው ከአቶ በድረዲን ራዲዮ ፊት ተቀመጡ። ሱቁ ሞልቶ አንዱ ውሸት ነው፣ አንዱ ድፍረት ነው ይላል፤ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ቤት ስንገባ «ደረሱ፤ ግን ብዙ አቃጠሉ» አሉኝና ተኙ። ነሐሴ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ደብተራቸውን የከፈትኩት ትናንት ነው። ግማሹ ስለዚያ ሸራ ነው። ግማሹ ግን የዚያ የጥር ቀን ንፋስ፣ የባሩዱ ክብደት፣ ከአሸዋው እስከ ክምሩ ያለው እርምጃ ነው፤ የት ላይ እንደ ተሳሳቱ ለማግኘት ዐሥራ አንድ ዓመት ደጋግመው አስልተውታል፤ በየገጹ ግርጌም «አይደርስም» ብለው ጽፈው፣ ከሥሩ «ወይንሸት ግን አይታለች» ብለዋል። ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም።

ከእኔ በቀር የሚያለቅስላቸው የሥጋ ዘመድ አልተዉም፤ ያስተማሯቸው ልጆች ግን ከጎብዬ እስከ ዋጃ አሉ። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ በምድር ያጡትን ወዳጅ በዚያ ይስጣቸው።

አቶ ጋሹ፣ እዚህ ተቀምጠው ይሰሙኛል። ዘነበች፣ አንቺም መጥተሻል። እናንተም ለቀስተኞች ሁላችሁ፣ እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም፤ ጊዜው አለፈኝ። እናንተ ይቅር በሉኝ።