እገሌና እንቶኔ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ትዕግሥት ያስጨርሳል። እኔ ደግሞ ድሮም ትዕግሥት የለኝም፤ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ ውዬ ማደሬ ይሆናል። ያን ቀን ግን ባልሞላ ብዬ ተመኘሁ፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ክርክር ይዘው ነበር።

አንደኛው የኔታ ገብረ ኪዳን ናቸው። ጋብቻ ሲታሰብ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ትውልድ እንዳይዛመዱ ዘር የሚቆጥሩት እርሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ የሒሳብ መምህርቷ ስርጉት ናት፤ የሞጣው ይታገስ እጮኛ። የኔታ የሚሄዱት ለይታገስ ቤተሰቦች ጋብቻው እንደማይሆን ሊነግሩ ነው። እርሷም ሐሳባቸውን ልታስቀይር ተከትላቸው ተሳፍራለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

“ልጄ፣ ካንቺ በላይ አምስተኛው ወልደ ኪዳን ነው። ከይታገስም በላይ አምስተኛው ወልደ ኪዳን ነው። ምን ላድርግሽ?” አሉ የኔታ።

“በኮምፒውተር እንቁጠረው ብልዎት እምቢ አሉኝ።”

“ያ ሣጥን ስለ ዘር ምን ያውቃል?”

ስርጉት ላፕቶፗን ከፈተች። የዝምድናን ሕግ በዓረፍተ ነገር ሲጽፉለት መልሱን ፈልጎ የሚያወጣ የፕሮግራም ቋንቋ እየተማረች ነው። ዋሽታ ማለፍ ስትችል እውነቱን ተናገረች፤ ይህን ወደድኩላት።

“እርግጥ እስካሁን አልሠራልኝም። እኔንና የአጎቴን ልጅ ውቢትን እንኳ ‘አትዛመዱም’ ይለናል። የት ላይ እንደተሳሳትሁ ጠፍቶኛል።”

የኔታ ሳቁ። “እንዲህ ያለውን ነው የምታምኚው? በይ እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።”

“‘የአንዷ አባት እገሌ ነው፤ የሌላዋ አባት እገሌ ነው፤ እገሌና እገሌ ወንድማማች ከሆኑ ልጆቹ የአጎት ልጆች ናቸው።’”

“ለራሱ ወንድም የሆነ ሰው የት አይተሻል? በአንድ ዓረፍተ ነገር እገሌ ካልሽ አንድ ሰው ነው። ሁለተኛውን እንቶኔ በዪው እንጂ።”

ሁለተኛውን እገሌ በሁለቱም ቦታ በእንቶኔ ለወጠች። ኮምፒውተሩ ስርጉትና ውቢት የአጎት ልጆች መሆናቸውን ወዲያው አወቀ። የኔታ ደስ ሲላቸው መደበቅ አይችሉም፤ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ።

“ታዲያ ከታች ባለው ሕግም እገሌ ብለሻል፤ እሱም ይቀየር?”

“አያስፈልግም የኔታ። እገሌ አራት ነጥቡ ላይ ያበቃል፤ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ቢሆን ችግር የለውም። የተጸውዖ ስም ግን እንዲያ አይደለም። ሁለት ቦታ ወልደ ኪዳን ብዬ ከጻፍሁ አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የሁለቱንም ወልደ ኪዳን አባት ይንገሩኝ።”

“ያንቺው የዳምጤ ልጅ ነው። የይታገስ…” አሉና ጣታቸውን እያጠፉ እንደገና መቁጠር ጀመሩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የይታገሱ ግን የስጦታው ልጅ ነው። ስም ከስም ገጠመልኝና ሰውየውን ሳልጠይቅ አለፍሁ። እኔም ሁለቱን ሰው እገሌና እገሌ ብያቸዋለሁ። ይቅር በዪኝ ልጄ” አሉ።

ስርጉት አለቀሰች። ከዚያ እስከ ሞጣ እርሳቸው እያንዳንዱን ሰው ከነአባቱ እየጠሩ፣ እርሷ እየጻፈች ሰባቱን ትውልድ በአባትም በእናትም ጨረሱ። የስርጉትና የይታገስ ዘር አንድም ቦታ አልተገናኘም። የኔታ መልሰው በቃላቸው ቆጥረው አረጋገጡና፣ “ከእንግዲህ የምቆጥረውን ሁሉ ትጽፊልኛለሽ፤ እኔ ብረሳ ወይ ብሞት አይጠፋም” አሏት።

አንዱ ትውስታ ይዞ ሌላው ማጣሪያ ይዞ ሲቀመጡ ስንት ትዳር ከመፍረስ ይድናል። እኔም ከዚያ ወዲህ ካርድ ስፈልግ የታካሚውን ስም እስከ አያት ጠይቄ ነው የምነሣው።

ጉዳዬ ባይሆንም እስከ ይታገስ ቤት ተከተልኋቸው። አባቱ በር ላይ ቆመው ነበር። “የኔታ፣ እንዴት ሆነ? ይዛመዳሉ?” አሉ ፈራ ተባ እያሉ።

“አይዛመዱም” አሉ የኔታ። “ገና ሊዛመዱ ነው።”