አጥሩ ሥር የተደፋው ዘይት

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ፍሬን» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ፣ ቁልቁለት ባዩ ቁጥር ፍሬን ላይ ስለሚቆሙ የሥራ ጓደኞቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው፤ እርሳቸውም ወደውት ቀረ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሚንከባከቧት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ብቻ ነበረቻቸው። አንድ ጠዋት ዘይቷን ቀይረው፣ ጥቁሩን ዘይት በሳፋ ይዘው ወደ አጥሩ ሲያመሩ፣ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ፣ ባልዲ አንጠልጥላ ገባች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? በሥራ መሃል መጣሁብዎ።»

«ይመስገን ልጄ፣ ግቢ። እጄን እንዳልሰጥሽ እንደምታይው ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱን የት ሊደፉት ነው?»

«እዚሁ አጥሩ ሥር ነዋ! አረም ያደርቃል፣ አቧራ ያስተኛል። ድሮም መንገድ ላይ ስናድር ዘይቱን መሬት ላይ ለቀን፣ እዚያው ተሰብስበን ስንጫወት እናመሽ ነበር። ይህ ሽታ ሲመጣብኝ የእነዚያ ሾፌር ጓደኞቼ ሳቅ ይሰማኛል። ዛሬ ግማሾቹ የሉም።»

ሽማግሌው ይህን ሲሉ ድምፃቸው ለሰለሰ። ሰው የናፈቀውን ዘመን ከነጉድፉ ይወዳል፤ ችግር የሚመጣው ጉድፉንም እንደ ቅርስ ሲጠብቅ ነው።

«ትዝታዎን አልነካም» አለች አስተማሪዋ ባልዲውን እያስቀመጠች። «ግን ይህን ይዩልኝ። ከጉድጓዳችን አሁን የቀዳሁት ነው።»

ጉድጓዱ ሁለቱ ግቢዎች የሚጋሩት፣ የጋሼ ፍሬን ሟች ሚስት ጎረቤቱን አስተባብረው ያስቆፈሩት ነው። ጋሼ ፍሬን ጎንበስ ብለው አዩ። ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ቅባት ተንሳፏል።

«ባልዲሽን ቅባት ነክቶት ይሆናል!» አሉ ፈጠን ብለው።

«እኔም እንዲያ ብዬ በሳሙና አጥቤ ደግሜ ቀዳሁ። ካላመኑኝ በእርስዎ ዕቃ እንቅዳ።»

ሳፋውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከጓዳ ንጹሕ ድስት አምጥተው ቀዱ። ያው ቅባት ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስደፋ ማን ታመመ ታዲያ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

«መሬት ወዲያው አይናገርም ጋሼ። ዘይቱ ከሞተሩ የፋቀውን ብረት ይዞ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ዝቅ ዝቅ እያለ ጉድጓዱ ይደርሳል። ያኔ መንገድ ዳር ስትደፉት በማግስቱ ጥላችሁት ትሄዱ ነበር። አሁን ግን የሚያድሩት እዚሁ፣ የሚጠጡትም ከዚሁ ነው።»

ጋሼ ፍሬን ድስቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ትክ ብለው አዩ። ባለቤታቸው በበጋ በር ላይ ቆመው «ጠጡ፣ ንጹሕ ነው» እያሉ ለአላፊ አግዳሚው ሲያጠጡ ታዩዋቸው። የባለቤታቸው ቃል በማን እጅ ሐሰት ሆነ?

«ታዲያ ምን ላድርገው? ልጠጣው?» ሲሉ ሁለቱም ሳቁ።

«ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጄሪካን ይገልብጡት፤ ውኃም ቤንዚንም አይቀላቀልበት። የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውንም አንጠፍጥፈው አብረው ይውሰዱት። የከተማው ዋና ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ሰብስቦ ለሚያጣሩ ይሰጣል።»

«ሲሚንቶው ላይ የተንጠባጠበውስ? በውኃ ጎማ ላጥበው?»

«ኧረ በጭራሽ! በቦዩ አድርጎ ከወንዝ ይገባል። ሰጋቱራ ነስንሰው እስኪመጠው ይጠብቁ፤ ከዚያ ጠርገው በከረጢት ይቋጥሩት። እጅዎን የጠረጉበትንም ጨርቅ አይከምሩት፣ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል፤ ከምድጃ አርቀው ዘርግተው ያስቀምጡት።»

እንዳለችው ሆነ። ጋሼ ፍሬን ሰጋቱራውን ከአናጢው ለምነው አመጡ፤ አጥሩ ሥር የጠቆረውንም አፈር ቆፍረው በጆንያ ሞሉት፤ ጋራዡም ከዘይቱ ጋር ተረከባቸው። ጉድጓዱ ተከደነ፤ ሁለቱም ቤት ከቧንቧ መጠጣት ጀመረ። አስተማሪዋ ውኃውን በየጊዜው እያስመረመረች «ገና ነው» ስትላቸው፣ እርሳቸው ዘይት የሚቀይር ጎረቤት ባዩ ቁጥር ጄሪካን ይዘው ከች ይሉ ነበር።

ከብዙ ዝናብ በኋላ አንድ ቀን «ጸድቷል» አለቻቸው። የሰጋቱራ እፍኝና የአንድ ጠዋት ድካም ለሁለት ቤት ውኃ፣ ለወንዙም እፎይታ ሆነ፤ ሊደፋ የነበረውም ዘይት ተጣርቶ ለሌላ ሥራ ዋለ። ጋሼ ፍሬን በብርጭቆ ቀድተው ጠጡ።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«የባለቤቴ ውኃ ነው» አሉ፤ ብርጭቆውንም ደግመው ሞሉ።